ፕላውደን፦ የአንድ ሸለቆ ስም የስድስት መቶ ዓመት ጉዞ

የዐፄ ቴዎድሮስን ዘመን ታሪክ ያነበበ ሰው ዋልተር ፕላውደንን ያውቀዋል፤ ጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ነው። በአገራችን ከሰው ስም ቀጥሎ የሚጠራው አባት ስለሆነ፣ ፕላውደን የሚለውን የቆንስሉ አባት ስም አድርጎ የሚያነብ ብዙ ነው። አባቱ ግን ትሬቨር ይባል ነበር። ፕላውደን ከሰው በፊት የመሬት ስም ነው፤ በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ ባለው የሽሮፕሽር አውራጃ የሚገኝ የአንድ ትንሽ ቦታ መጠሪያ። ያ ስም ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ለንደን ፍርድ ቤቶች፣ ወደ አሜሪካ ጠረፍ፣ ወደ ቤንጋል፣ ከዚያም ወደ ጎንደር ደርሷል። በመዝገብ ከታየበት ጊዜ አንሥቶ ጎንደር እስኪደርስ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ስም ነገር ሁለት ጥያቄ ያስነሣል። አንደኛው፣ ስሙ ለምን ብርቅ ሆነ? ሁለተኛው፣ ብርቅ ሆኖ ሳለ ለምን አልጠፋም? የሁለቱም መልስ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው።

ከአንድ ቦታ የተወለደ ስም

እንግሊዞች የሚወርስ የቤተሰብ ስም ከጥንት ጀምሮ አልነበራቸውም። ልማዱ የተተከለው ኖርማኖች በ1066 አገሩን ከያዙ በኋላ ነው። መጀመሪያ ባለርስቶቹ ያዙት፤ ከዚያ ወደ ከተሜው፣ ቀጥሎም ወደ ገበሬው ወረደ። 14ኛው ክፍለ ዘመን ሲያልቅ አብዛኛው ሕዝብ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ነበረው። ርስትን ለመውረስ፣ ግብርን ለመጻፍ፣ በፍርድ ቤት ለመቆም አንዱን ጆን ከሌላው ጆን መለየት ግድ ሆኖ ነበርና። ስሞቹ ከአራት ምንጭ ተቀዱ፤ ከአባት ስም፣ ከሥራ፣ ከመልክና ከጠባይ፣ ከቦታ። ስሚዝ አንጥረኛ ማለት ነው፤ አንጥረኛ የሌለው ሰፈር አልነበረምና ስሙ በየአውራጃው ለየብቻው ተወለደ። በዚህ የተነሣ የዛሬዎቹ ስሚዞች እርስ በርሳቸው ዝምድና የላቸውም ማለት ይቻላል። ከቦታ የመጡት ስሞች ግን ዕጣቸው በቦታው ብዛት ይወሰናል።

ለዚህ ማስረጃው እዚያው ፕላውደን ደጃፍ ላይ አለ። ፕላውደን የምትገኘው ሊድበሪ ኖርዝ በሚባል አጥቢያ ውስጥ ነው። ይህ ግዛት በ1086ቱ የዱምስዴይ የመሬት መዝገብ የሄርፎርድ ጳጳስ ይዞታ ሆኖ ተጽፏል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግራና ቀኝ ሁለት የጎን ክፍሎች አሉ፤ በሰሜን በኩል ያለው የፕላውደኖች፣ በደቡብ በኩል ያለው የዎልኮቶች ይባላል። ዎልኮትም እንደ ፕላውደን በዚያው አጥቢያ ያለ ቦታ ነው፤ ከእርሱም የቤተሰብ ስም ወጥቷል። ትርጉሙ የጥንት ብሪቶኖች ጎጆዎች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰፈር በብዙ አውራጃ ስለነበረ በኖርፎክ፣ በሊንከንሽር፣ በሌስተርሽር፣ በባዝ ከተማም ዎልኮት የሚባል ቦታ ይገኛል፤ ከየቦታውም ዎልኮት የተባሉ ሰዎች ወጥተዋል። ፕላውደን ግን አንድ ቦታ ነው፤ ስሙንም ያወጣው አንድ ቤተሰብ ነው። ብርቅነቱ ከዚህ ይጀምራል።

የስሙ ትርጉም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዛሬ ስሙን ያየ እንግሊዛዊ ወዲያው ማረሻን ያስባል፤ የአሁኑ አጻጻፍ ወደዚያ ይመራልና። ነገር ግን በ1252 የተመዘገበው ጥንታዊ አጻጻፍ ፕላዌደን ይላል። የቦታ ስሞች አጥኚዎች ይህን ከሁለት የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃላት አውጥተውታል፤ አንዱ ጨዋታና ውድድርን፣ ሌላው ሸለቆን ይገልጻል። እንግዲህ ፕላውደን የአካባቢው ሰው ለጨዋታና ለፉክክር የሚሰበሰብበት ሸለቆ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ለገና ጨዋታ የሚወጣበትን ሜዳ የመሰለ። ከመቶ ዓመታት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ፕሎይደን፣ ፕላውዶን እያሉ እንደ ጆሯቸው ጽፈውታል። የስምን ትርጉም ከዛሬው ፊደል ላይ ማንበብ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ ፊደሉ በየዘመኑ ሲለወጥ የመጀመሪያው ስሜት ይሸፈናል።

የአክር ትውፊትና የመዝገቡ ድንበር

ፕላውደኖች ስለራሳቸው የሚናገሩት ታሪክ ከመዝገቡ ይቀድማል። በትውፊቱ መሠረት ሮጀር ደ ፕላውደን የሚባል አባታቸው በሦስተኛው የመስቀል ጦርነት ዘምቶ፣ በ1191 በአክር ከተማ ከበባ ላይ ተዋግቷል። ተማርኮ ሳለ ከእስር ቢፈታ ለእግዚአብሔር ጸሎት ቤት ሊሠራ ተሳለ፤ በሰላም ሲመለስም በሊድበሪ ኖርዝ ቤተ ክርስቲያን ያለውን የፕላውደኖች ክፍል ሠራ ይባላል። በቤተሰቡ የጋሻ ምልክት ላይ ያሉት ሁለት የሊሊ አበቦችም የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊፕ ለጀግንነቱ የሰጡት ሽልማት እንደሆኑ ይተረካል።

እኔ ይህን ትውፊት አልጥለውም፤ ከመዝገብ እኩል ግን አላስቀምጠውም። በእንግሊዝ የዘር ሐረግና የጋሻ ምልክት የሚመዘግቡ የንጉሥ ሹማምንት በየአውራጃው ይዞሩ ነበር፤ ወደ ሽሮፕሽር ከመጡባቸው ጊዜያት አንዱ 1623 ነው። በየቤቱ እየገቡ የሚጽፉት ደግሞ በአብዛኛው ቤተሰቡ ራሱ ያቀረበላቸውን ነው። ከአክር ከበባ እስከዚያ መዝገብ ከአራት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ጸሎት ቤቱ አለ፤ ጋሻው ላይ አበቦቹ አሉ፤ ስሙም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፎ ይገኛል። እነዚህን ሦስቱን በሮጀር ታሪክ አስሮ የያዘው ገመድ የቤተሰቡ ትዝታ ነው። ትዝታው ለሌላ ነገር ግን ጽኑ ምስክር ይሆናል፤ ይህ ቤት ራሱን እንዴት ሊያይ እንደፈለገ፣ ከምድሩና ከእምነቱ ጋር ስሙን እንዴት እንዳቆራኘ ያሳያል። እምነቱ ደግሞ ከጊዜ በኋላ ብዙ አስከፍሎታል።

የሕግ ሰው ኤድመንድ

ስሙን ከአውራጃው አውጥቶ በመላው እንግሊዝ ያሰማው በ1518 የተወለደው ኤድመንድ ፕላውደን ነው። የበኩር ልጅ ነበርና ርስቱን ወርሷል፤ ዝናው ግን የመጣው ከሕግ ነው። የሕግ ትምህርቱን የተማረው ከለንደን አራት የጠበቆች ማኅበራት አንዱ በሆነው በሚድል ቴምፕል ነው። በኋላም የዚያው ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ ታላቁን አዳራሽ አሠራ። ሥራው በ1562 አካባቢ ተጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። የኦክ እንጨት ጣሪያው ዛሬም ይታያል፤ በ1602 የሼክስፒር አሥራ ሁለተኛው ሌሊት የተሰኘው ተውኔት የታየውም በዚሁ አዳራሽ ነው።

በ1571 ያሳተመው የፍርድ ቤት ክርክሮች መዝገብ በሕግ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ትልቅ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የችሎት ማስታወሻዎች ማን እንደጻፋቸው የማይታወቅ፣ አጫጭርና ግራ የሚያጋቡ ነበሩ። ኤድመንድ ጉዳዮቹን መርጦ፣ የሁለቱንም ወገን ክርክርና የዳኞቹን ምክንያት በሰፊው አስቀመጠ። ጽፎ ሲጨርስም በጉዳዩ ለተናገሩት ዳኞችና ጠበቆች እያሳየ ያሳርም ነበር። የተጻፈው በዘመኑ የእንግሊዝ ጠበቆች በሚጠቀሙበት የሕግ ፈረንሳይኛ ነው። በውስጡ ካሉት ጉዳዮች አንዱ የላንካስተር ግዛት ጉዳይ ነው። ንጉሥ ኤድዋርድ ስድስተኛ ገና ልጅ ሳሉ የሰጡት የመሬት ኪራይ ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚል ክርክር ተነሣ። ዳኞቹ ንጉሥ ሁለት አካል አለው አሉ፤ አንዱ የሚታመምና የሚሞት ሥጋ፣ ሌላው ዕድሜ የማይቆጠርለት የመንግሥት አካል። ስለዚህ ልጅነታቸው ውሉን አያፈርሰውም ተባለ። የታሪክ ምሁሩ ኤርንስት ካንቶሮዊች በ1957 ስለ ንጉሥ ሁለት አካላት ባሳተመው ታላቅ ጥናቱ መነሻ ያደረገው ይህንኑ የፕላውደንን ጽሑፍ ነው።

ኤድመንድ እስከ ሞቱ ድረስ ካቶሊክ ነበር። በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ይህ ቀላል አልነበረም። በ1569 የአምልኮን አንድነት ለሚደነግገው ሕግ በፊርማው እንዲገዛ ሲጠየቅ አልፈርምም አለ፤ በምትኩ ለመልካም ጠባዩ የዋስትና ውል ሰጠ። በ1581 በወጣው ሕግ ቅዳሴ መስማት የ100 ማርክ ቅጣት፣ ቅዳሴ መቀደስ የ200 ማርክ ቅጣት ያስከትል ነበር። ስለ ኤድመንድ በሕዝብ አፍ የቀረ አባባል የተወለደው ከዚህ ድባብ ነው፤ «ነገሩ ተለወጠ አለ ፕላውደን» ይላል። እንደሚነገረው ቅዳሴ ሰምተሃል ተብሎ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ሆኖ ሲከራከር፣ ቀዳሹ ወጥመድ ሆኖ የተላከ ቄስ ያልሆነ ሰው መሆኑን አወቀ። ቄስ ከሌለ ቅዳሴ የለም ብሎ ክሱን አፈረሰው። በሌላ ወገን የሚተረከው ደግሞ ስለ ሰው ማሳ ስለገቡ አሳማዎች ነው። አንድ አባባል ሁለት የተለያየ መነሻ ሲኖረው የታሪክ ጸሐፊ ሁለቱንም እንደ ድርጊት ሊመዘግብ አይችልም። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የዘመኑ ሰው ፕላውደን ሲል አንዲት ፍሬ ነገር ይዞ ክርክርን የሚገለብጥ ጠበቃ ነበር የሚያስበው። ኤድመንድ በ1585 ሞቶ በለንደን ቴምፕል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ፤ የድንጋይ ምስሉም እዚያው አለ።

ርስት ያልደረሳቸው ልጆች

እዚህ ላይ የእንግሊዝን የውርስ ሕግ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ አገር ሕግ ባለመሬቱ ሳይናዘዝ ቢሞት መሬቱ በሙሉ ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር። ትልልቆቹ ቤተሰቦች ደግሞ ርስታቸው እንዳይከፋፈል ይህንኑ በውልና በኑዛዜ ያጠብቁት ነበር። ይህ ሕግ ለቤተሰብ ስም ሁለት ነገር አደረገ። ርስቱ ሳይቆራረጥ ስለቆየ ስሙም ከቦታው ጋር ጸና። መሬት ያልደረሳቸው ታናናሽ ወንዶች ልጆች ደግሞ ስሙን ብቻ ይዘው እንጀራ ፍለጋ ወጡ። ጎረቤቶቻቸው ዎልኮቶች ርስታቸውን አላቆዩትም፤ በ1763 በሕንድ የእንግሊዝን ግዛት በወረራ ያሰፋው ሮበርት ክላይቭ ገዛው። ፕላውደኖች ግን በዚያው ምድር ቆዩ።

ከእነዚህ ታናናሾች መካከል ርቆ የወጣው የመጀመሪያው ታዋቂ ሰው የሕግ ሰውየው የልጅ ልጅ ሰር ኤድመንድ ፕላውደን ነው። ይህ ሰው ከንጉሥ ቻርለስ ቀዳማዊ መንግሥት በ1634 በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ግዛት የሚሰጥ ቻርተር አገኘ። ግዛቱ ኒው አልቢዮን ተባለ፤ ወሰኑ የዛሬውን ኒው ጀርዚና በዙሪያው ያሉትን ግዛቶች ይነካል። ለሰር ኤድመንድ ቻርተሩ በወረቀት ላይ የተጻፈ ርስት ነበር። በ1642 ወደ ቨርጂኒያ ተሻገረ። በዓመቱ ወደ ዴላዌር ወንዝ ሲጓዝ መርከበኞቹ አደሙበት፤ ያለ ምግብና ያለ መሣሪያ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ ትተውት ሄዱ። ሞት አፋፍ ላይ ሳለ አንድ የእንግሊዝ ጀልባ አግኝቶት ተረፈ። ይህን የምናውቀው በአካባቢው የስዊድን ሰፈራ ገዥ የነበረው ዮሃን ፕሪንትስ በ1644 ወደ አገሩ ከላከው ሪፖርት ነው። ፕሪንትስ የራሱን መንግሥት ጥቅም የሚጠብቅ ተፎካካሪ ሹም ስለነበረ ለፕላውደን ሲል ታሪክ የሚያሳምርበት ምክንያት አልነበረውም፤ ምስክርነቱን ክብደት የሚሰጠውም ይህ ነው። ኒው አልቢዮን አልተመሠረተም፤ ሰር ኤድመንድም በ1659 ሞተ።

ሌሎቹን ያስወጣቸው እምነት ነው። ካቶሊኮች ከኦክስፎርድና ከካምብሪጅ ዲግሪ፣ ከመንግሥት ሹመትም ስለታገዱ ልጆቻቸውን ወደ ባሕር ማዶ ትምህርት ቤቶች ይልኩ ነበር። በፕላውደን ሆል በ1743 የተወለደው ቻርለስ ፕላውደን ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገባ። የአሜሪካ የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ጳጳስ ጆን ካሮል በ1790 በእንግሊዝ ሉልወርዝ ሲሾሙ የዕለቱን ስብከት ያደረገው እርሱ ነው። በ1821 ከሮም ሲመለስ ፈረንሳይ ውስጥ ዡኝ በምትባል ትንሽ ከተማ ሞተ። የሄደው የማኅበሩ ጀነራል በሚመረጥበት ጉዳይ ስለነበረ፣ የከተማው ሰዎች ሟቹን የእንግሊዝ ጦር ጀነራል አድርገው ወሰዱት፤ በወታደር ክብር ቀበሩት። ወንድሙ ፍራንሲስ ጠበቃ ሆነ፤ ስለ አየርላንድ ታሪክም ጻፈ።

ከቤንጋል ወደ ጎንደር

አንድ የቤተሰቡ ቅርንጫፍ በጋብቻ የመጣውን ቺችሊ የሚለውን ስም በልጆቹ ስም ላይ እየጨመረ በሕንድ አገልግሎት ተሰማራ። ለመሬት አልባው የእንግሊዝ ባላባት ልጅ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ደመወዝና ጡረታ ያለው መተዳደሪያ ነበር። ሪቻርድ ቺችሊ ፕላውደን ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዱ ሆነ። ዊልያም ቺችሊ ፕላውደን ደግሞ የ1881ዱን የሕንድ የሕዝብ ቆጠራ መራ።

ዋልተር ቺችሊ ፕላውደን የተወለደው ከዚህ ቅርንጫፍ በ1820 ነው። በቤንጋል ያገለገለው የትሬቨር ፕላውደን የመጨረሻ ልጅ ነበር፤ የታናሾች ታናሽ ማለት ነው። በ19 ዓመቱ ካልካታ ውስጥ በንግድ ቤት ተቀጠረ፤ ሥራው አልተስማማውም። በ1843 ተሰናብቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ስዊዝ ላይ ከጆን ቤል ጋር ተገናኘ። ሁለቱ የነጭ ዓባይን ምንጭ እንፈልጋለን ብለው ወደ ኢትዮጵያ ዘለቁ። ቤል ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ተብሎ በአገራችን ቀረ። ፕላውደን በ1847 ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ በቀይ ባሕር መርከቡ ተሰበረበት፤ ሆኖም ለንደን ደርሶ በ1848 ቆንስል ተሾመ። መቀመጫው ምጽዋ ነበር። በኅዳር 1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዘውድ ሲደፉ ራስ ዓሊ ከሥልጣን ወርደው ነበር። ፕላውደን አዲሱን ሁኔታ ለማየት ወደ ንጉሡ ሄደ። በዚያው ዓመት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለክላረንደን የላከው ሪፖርት የንጉሡን መልክ፣ ጉልበት፣ የሥራ ትጋትና የተሐድሶ ሐሳብ ይዘረዝራል። የዘመኑ የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ንጉሡ የቆንስሉን ሰውነት ወደዱ፤ የቆንስላ ጽሕፈት ቤት እንዲቋቋም ግን ወዲያው አልፈቀዱም።

በ1860 መጀመሪያ ፕላውደን ወደ ምጽዋ ወርዶ አገሩ ሊገባ ጉዞ ጀመረ። ጎንደር አቅራቢያ የሸፈተው ጋረድ ደረሰበት፤ አቁስሎም ማረከው። በገንዘብ ቢዋጅም ቁስሉ ጸንቶበት መጋቢት 13 ቀን ሞተ። ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመቱ፤ በውጊያው ጋረድም ሊቀ መኳስ ዮሐንስም ወደቁ፤ በተማረኩት ሽፍቶች ላይ የተወሰደው በቀልም ከባድ ነበር። ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ክርስቲያኖችን የምትወድ ታላቅ ንግሥት መኖሯን የሰሙት ከፕላውደንና ከቤል እንደሆነ ገልጸዋል። ለደብዳቤው መልስ በወቅቱ ሳይመጣ ቀረ። የፕላውደን ተተኪ ካሜሮን ታሰረ፤ ነገሩም በ1868 በመቅደላ አለቀ። በዚያው ዓመት ወንድሙ ትሬቨር የዋልተርን ማስታወሻዎች አሰባስቦ በመጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የሁለቱም ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ያንኑ የሽሮፕሽር ሸለቆ ይጠራል።

ስምን ያቆየው ምንድን ነው?

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ስሙ በሁለት ሰዎች ተሰማ። ሎርድ ኤድዊን ፕላውደን የመሩት የ1964ቱ ሪፖርት በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዝ ዲፕሎማሲ አገልግሎት እንደ አዲስ እንዲዋቀር መሠረት ሆነ። ባለቤታቸው ብሪጅት ፕላውደን የመሩት የ1967ቱ ሪፖርት ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማዕከሉ ሕፃኑ ይሁን ብሎ፣ የአካል ቅጣትም ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች እንዲቀር ጠየቀ። ዛሬ የእንግሊዝ መምህር ፕላውደን ሲባል የሚያስታውሰው ይህን ሪፖርት ነው። ስሙን ለዚህ ያበቁት ሴት ያገኙት ደግሞ በጋብቻ ነው።

ብርቅ የቤተሰብ ስም ተመራማሪን ያጓጓል፤ የተሸከሙትን ሰዎች ሁሉ በአንድ ክር ማሰር ቀላል ይመስላልና። በጠበቃው፣ ባልተሳካለት የቅኝ ገዥነት ተመኚ፣ በካህኑና በቆንስሉ መካከል ግን የሚወረስ ጠባይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እነዚህን ሰዎች በየመንገዳቸው ያሰማራቸው በቤተሰቡ ውስጥ የነበራቸው ቦታ ነው። በኩሩ ርስቱን ይዞ ስሙን በቦታው አጸና፤ ታናናሾቹ ያለ ርስት ስሙን ወደ ዓለም አወጡት። ዋልተር የመጨረሻ ልጅ ባይሆን ኖሮ ካልካታም ጎንደርም ላያየው ይችል ነበር።

ያ ሥርዓት በ1925 በወጣው የውርስ ሕግ ተሻረ። ከ1926 መባቻ ጀምሮ ሳይናዘዝ የሚሞት እንግሊዛዊ መሬት በበኩርነት ብቻ የሚያዝበት ደንብ የለም። ለሰባት መቶ ዓመት ያህል ስምንና መሬትን አጣብቆ የያዘው የሕግ ማሰሪያ ሲፈታ፣ ርስትን ማቆየት ለየቤተሰቡ ኑዛዜና ፈቃድ ተተወ። ስለዚህ የእንግሊዝን ብርቅ ስም የሚያጠና ሰው ከጋሻው ምልክትና ከጀግኖቹ ዝና በፊት መሬቱ በማን እጅ እንዳለፈ፣ ማን እንደወረሰና ማን ባዶ እጁን እንደወጣ መመርመር አለበት፤ የስሙን ዕጣ የወሰነው እዚያ ላይ ነው።